«ስምህ የለም»

አንድ ሰው የራሱ ያልሆነውን ንብረት ለባለ ንብረቱ ሲያስረክብ «ሰጠሁህ» ለማለት ይችላልን? «ሰጠሁህ» ካለ በኋላስ ምስጋና፣ ከምስጋናም አልፎ ታዛዥነት ሊጠይቅበት ይገባዋልን? የጎረቤቱን በግ በአደራ ሲጠብቅ የከረመ ሰው በጉን በሚመልስበት ቀን ውለታ እንደ ዋለ ቢቆጥር ይሳቅበታል። «በጉን ከመመለሴ በፊት የእኔ ወገን መሆንህን አረጋግጥልኝ» ቢል ግን ሳቁ ይቀርና ወደ ዳኛ ይኬዳል። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጉዳይ ይኸው ነው። ልዩነቱ በበጉ ፈንታ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ምርጥ ዘር፣ የእርሻ ዱቤና የሴፍቲኔት እህል መግባቱ ነው። ከዚያም የከፋው ልዩነት አደራ ጠባቂውና ዳኛው አንድ ሰው ሆነው መገኘታቸው ነው።

ውድ አንባቢ «እኛ ከተሜዎች ነን፤ ማዳበሪያ ምናችን ነው?» ይል ይሆናል። እኔ የምኖረው ቀራንዮ ነው። በዚህ አካባቢ የገጠር ዘመድ የሌለው ቤት ቢፈለግ አይገኝም ለማለት ይቻላል። ከስልጤ፣ ከጉራጌ፣ ከወሎ የመጣው ነጋዴ፣ ልብስ ሰፊና የቀን ሠራተኛ ሰኔ ሲገባ ወደ አገር ቤት ይደውልና ከሰላምታው ቀጥሎ «ማዳበሪያ ደረሳችሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አልደረሰም ከተባለ ከነጋዴ እጅ በውድ ዋጋ እንዲገዙ ከዚህ ገንዘብ ይላካል። በገጠር ቀበሌ መዝገብ ላይ የተሰረዘ ስም ዋጋው ቀራንዮ ላይ ካለ ኪስ ይወጣል ማለት ነው። ደግሞም ከክፍለ ከተማችን ሰፈሮች አንዱ «ዓለም ባንክ» ተብሎ ይጠራል። ይኸው ባንክ ለገጠሩ የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ገንዘብ ከሚያቀርቡት አንዱ ነው። ነገሩ ከደጃችን የራቀ አይደለም።

በቅድሚያ አሠራሩን እንመልከት። በደሉ ያለው በአሠራሩ ውስጥ ነውና። አገራችን የምትጠቀምበት ማዳበሪያ በመንግሥት በኩል ከውጭ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ ይገባል። ከዚያ በዩኒየኖችና በመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አማካይነት ወደ ቀበሌ ይወርዳል። የትኛው ገበሬ ስንት ኩንታል እንደሚያስፈልገው የሚመዘግበው የልማት ሠራተኛው ሲሆን ዝርዝሩ በቀበሌው አስተዳደር እጅ ያልፋል። ለብዙ ዓመታት የማዳበሪያው ዱቤ ዋስ የክልሉ መንግሥት ስለ ነበር ዕዳውን የሚያስከፍሉትም የወረዳና የቀበሌ ሹሞች ሆኑ። መሬቱ ራሱ በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው ተብሏል፤ ይዞታውን የሚመዘግበው አካልም ከቀበሌው የራቀ አይደለም። ስለዚህ ገበሬው ከመሬቱ እስከ ዘሩ፣ ከዘሩ እስከ ዕዳው በአንድ በር ይገባል፣ በአንድ በር ይወጣል።

ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ድሃ አገር ያለውን ጥቂት ነገር በሥርዓት ለማደል መዝገብና መዝጋቢ ያስፈልገዋል። ክፉው ነገር የሚጀምረው በበሩ ላይ የቆመው ሰው ሌላ ሥራም ሲኖረው ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር የገዢው ፓርቲ የአካባቢው ተጠሪ ከሆነ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩን ኮሚቴ የሚመሩት የእርሱ ጓዶች ከሆኑ፣ አቤቱታ የሚሰማውም ከእነርሱ የተመረጠ ከሆነ፣ ማዳበሪያውን የሚያድለው እጅና የፓርቲ አባል የሚቆጥረው እጅ አንድ ይሆናል። ይህ ሰው በዓመቱ መጨረሻ የሚገመገመው ስንት ገበሬ እንደ ጠገበ ብቻ ታይቶ አይደለም፤ ስንት ሰው እንዳደራጀም ይጠየቃል። በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ የተቀመጠ ሰው ተቃዋሚን እንዲነፍግ ከላይ የጽሑፍ ትእዛዝ አያስፈልገውም። ወንበሩ ራሱ ያዘዋል።

የአገራችን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የገበሬ ማኅበራት የተቋቋሙት መሬት ለአራሹ እንዲያከፋፍሉ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ እነዚያው ማኅበራት የእህል ኮታ የሚሰበስቡ፣ ለጦርነት ወጣት የሚመለምሉ ሆኑ። ለማደል የተዘጋጀው መዝገብ ለመውሰድም አገለገለ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ደግሞ መሬት ያልነበራቸው ወጣቶችና ሴቶች መሬት አግኝተዋል፤ ይህ መካድ የለበትም። ነገር ግን በዚያው ሽግሽግ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር አመራር ያገለገሉ ሰዎች «ቢሮክራሲ» የሚል ስም ተለጥፎባቸው ይዞታቸው ከአንድ ሄክታር እንዳይበልጥ ሲደረግ፣ ሌላው ገበሬ እስከ ሦስት ሄክታር እንዲይዝ ተፈቀደለት። በዚያ ዓመት ከጎጃም አዲስ አበባ ድረስ አቤት ሊሉ የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። መሬቱ የተለካው በቤተሰቡ ቁጥር ብቻ ሳይሆን በሰውየው የትናንት ወገንም ጭምር ነበር።

ቀጥሎ የ1997 ዓ.ም. ምርጫ መጣ። በዚሁ ዓመት የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ተጀመረ። መርሐ ግብሩ ሲጀመር ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያቀፈ ሲሆን ኋላ ከሰባት ሚሊዮን አልፏል። በየዓመቱ የምግብ እጥረት የሚያጋጥመው ቤተሰብ እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ እህል ወይም ገንዘብ ያገኛል፤ መሥራት የማይችለው በቀጥታ ይደገፋል። ብዙ ሰው ከረሃብ የታደገ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም ከምርጫው ውዝግብ በኋላ ገዢው ፓርቲ አባላቱን በገጠር በስፋት መመልመል ያዘ። ከአንድ ሚሊዮን በታች የነበረው የአባላቱ ቁጥር በ2000 ዓ.ም. ወደ አራት ሚሊዮን መድረሱ ተነገረ። የቀበሌ ምክር ቤቶች ወንበር እስከ ሦስት መቶ እንዲያድግ ተደረገ። በዚያው ዓመት በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ከሆነው መቀመጫ ለተቃዋሚው የደረሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። በ2002 ዓ.ም. ምርጫም ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 የፓርላማ መቀመጫዎች 545ቱን ያዙ። ይህ ቁጥር ብቻውን በደልን አያረጋግጥም። የእርዳታው በርና የፓርቲው በር ምን ያህል እንደ ተጠጋጉ ግን ያሳያል።

በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብዓዊ መብት ተሟጋች ድርጅት ስለዚሁ ጉዳይ ሰፊ ዘገባ አወጣ። በሦስት ክልሎች፣ በ27 ወረዳዎች ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን አነጋግሮ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ዱቤና ሴፍቲኔት ለገዢው ፓርቲ ድጋፍ ማስገኛ እንደ ዋሉ፣ ተቃዋሚ የተባሉ ገበሬዎችም እንደ ተነፈጉ አስታወቀ። መንግሥት ዘገባውን አልተቀበለም። የለጋሾቹ ኅብረትም ቀደም ብሎ ያስጠናውን ጥናት ጠቅሶ በመርሐ ግብሮቹ ውስጥ በቂ መቆጣጠሪያ አለ አለ። ነገር ግን ያ ጥናት የመረመረው በወረቀት ላይ ያለውን መቆጣጠሪያ እንጂ በየቀበሌው የተሰረዙትን ሰዎች አቤቱታ አልነበረም። ሚዛናዊ ለመሆን ሌላም ነገር መጨመር ይገባል። የሴፍቲኔቱን ምልመላ ያጠኑ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች እርዳታው በአመዛኙ ለድሆች እንደሚደርስ ጽፈዋል። በ1995 ዓ.ም. አካባቢ ከነበረው ድርቅ በኋላ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ በሥልጣን ላይ የቅርብ ሰው ያለው ቤተሰብ ነጻ የምግብ እርዳታ የማግኘት ዕድሉ ከሌላው ከፍ ያለ መሆኑን አግኝቷል። ሁለቱ አይጣሉም። እህሉ በጠቅላላው ለድሃ እየደረሰ ከድሆች መካከል የተመረጠ ድሃ ሊነፈግ ይችላል።

ከ2002ቱ ምርጫ በኋላ አንድ የወሎ ገበሬ ቀራንዮ በአንድ ሕንፃ ሥራ ላይ ድንጋይ ሲሸከም አግኝቼ ስለዚሁ ነገር አጫውቶኛል። የቀበሌውን ስም መጥቀስ አላስፈለገኝም። «ወላሂ ጋሼ፣ እኔን ማንም አልመታኝም፤ ማንም አላሰረኝም» አለኝ። «ለማዳበሪያ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ መዝገቡን ገለጥ አደረጉና ስምህ የለም አሉኝ። በቃ ይኸው ነው።»

«ለምን አቤት አላልክም?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ለማን? ስሜን የሰረዘው ሰውዬ እኮ ነው አቤቱታ የሚሰማው» አለኝና ድንጋዩን ተሸክሞ ሄደ።

«ስምህ የለም» የምትለዋ ቃል ብዙ እንዳስብ አድርጋኛለች። በውስጧ ስድብ የለም፣ ዱላ የለም፣ ማስረጃ የሚሆን ወረቀትም የለም። ገበሬው «በፖለቲካ ምክንያት ተነፈግኩ» ቢል «ኮታው አለቀ» ይባላል። «ለእገሌ ተሰጥቶ የለም ወይ?» ቢል «እርሱ ሞዴል አርሶ አደር ነው» ይባላል። እህል ከመጋዘን ቢሰረቅ ጉድለቱ በሚዛን ይታወቃል። እዚህ ግን ሃምሳ ከረጢት ገብቶ ሃምሳ ከረጢት ወጥቷል፤ ኦዲተር ቢመጣ ሒሳቡ ልክ ነው። የጎደለው የሰው ስም ነው። የሰው ስም ደግሞ በሚዛን አይመዘንም።

ለዚህ አሠራር የሚቆሙ ሰዎች የሚያቀርቡት መከራከሪያ አለ፤ መልስ ሊሰጠውም ይገባል። «የሚታደለው ጥቂት ነው፤ ለሁሉም አይበቃም። መመዘኛ የግድ ይላል። በልማት ሥራ ቀድሞ የሚወጣው፣ የተመከረውን የሚቀበለው ገበሬ ቢቀድም ምን ነውር አለው? ይህ ገበሬ የፓርቲ አባል ሆኖ ቢገኝ አባልነቱ የትጋቱ ምልክት ነው» ይላሉ። የመጀመሪያውን ክፍል እቀበላለሁ፤ መመዘኛ የግድ ነው። ሁለተኛው ግን በክብ የሚዞር ነገር ነው። ማዳበሪያ በጊዜው ያገኘ ገበሬ ምርቱ ያድግና ሞዴል ይባላል፤ ሞዴል ስለ ሆነ በሚቀጥለው ዓመት ይቀድማል። በሐምሌ መጨረሻ የደረሰው ወይም ከነአካቴው ያጣው ሰው ምርቱ ይወድቅና ሰነፍ ይባላል፤ ሰነፍ ስለ ሆነ ኋላ ይሰለፋል። ዝናብ ቀጠሮ አይጠብቅም። ለገበሬ ሦስት ሳምንት ማዘግየት ማለት መንፈግ ማለት ነው። እንግዲህ ትጋቱን የፈጠረውን ነገር በእጁ ይዞ «ትጋት አየሁበት» ማለት ራስን በራስ ምስክርነት ማጽደቅ ነው።

ሌላው መከራከሪያ «ፓርቲው አገር የሚያስተዳድር ነውና ደጋፊውን ቢያስቀድም የትም አገር ያለ ነው» የሚል ነው። የፓርቲው የራሱ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ እኔም አልከራከርም፤ ማንም ሰው በኪሱ ላይ ሙሉ መብት አለው። ይህ ግን በግብር ከፋዩና በብድር የመጣ ገንዘብ ነው። ብድሩን ነገ የሚከፍለው የተነፈገው ገበሬ ልጅ ጭምር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 በፖለቲካ አመለካከት ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግ ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 41 ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች ሁሉም ዜጋ በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳለው ይናገራል። ስለዚህ ማዳበሪያው ስጦታ አይደለም፤ አማና ነው። አማናን ወደ ውለታ የቀየረ ሰው ሰርቋል፤ የሰረቀውም ከከረጢቱ የሚበልጥ ነገር ነው። የባለ መብቱን ቀና ብሎ መቆም ነው የሰረቀው።

በእስልምና ታሪክ ይህን ነገር የሚያበሩ ሁኔታዎች አሉ። ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የዘካ ሰብሳቢዎች አንዱ ከሥራው ሲመለስ የሰበሰበውን ለሁለት ከፍሎ ይህ የእናንተ፣ ይህ ደግሞ ለእኔ የተሰጠኝ ነው አለ። ነቢዩም ተቆጥተው በሕዝብ ፊት ቆሙና በአባቱ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ይህ ስጦታ ይመጣለት እንደ ነበር ጠየቁ። ጥያቄያቸው ለሁሉም ዘመን ባለ ሥልጣን ይሆናል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ማኅተሙን አስቀምጦ ቤቱ ቢቀመጥ ኖሮ ያ ሁሉ ገበሬ የአባልነት ቅጽ ሊሞላ ይሰለፍለት ነበርን? ካልተሰለፈ ያገኘው ድጋፍ የእርሱ አይደለም፤ የማኅተሙ ነው።

ድጋፍ ለማስገኘት ሲባል እህል መከልከልም አዲስ ነገር አይደለም። በመዲና ሙናፊቆች በነቢዩ ዙሪያ ያሉት ድሆች እስኪበተኑ ድረስ ምንም እንዳይለገሳቸው መምከራቸውን፣ የሰማያትና የምድር ሀብት ግን የአላህ (ሱ.ወ) መሆኑን ቁርኣን በሱረቱል ሙናፊቁን ይነግረናል። ሙስሊሞች ራሳቸው ጠላትን የማስራብ ዕድል ባገኙ ጊዜስ ምን ሆነ? የየማማው አለቃ ሱማማ ኢብኑ ኡሳል (ረ.ዐ) እስልምናን ከተቀበሉ በኋላ ከየማማ ወደ መካ የሚሄደውን ስንዴ አገዱ። ያኔ መካ ሙስሊሞችን ያሳደደችና የወጋች ከተማ ነበረች፤ ከዚያም በፊት የነቢዩን ወገኖች በሸለቆ አግታ እህል የከለከለች ነበረች። የሲራ ጸሐፍት እንደሚተርኩት ቁረይሾች ሲቸግራቸው ለነቢዩ አቤት አሉ፤ እርሳቸውም ስንዴው እንዲለቀቅ አዘዙ። እምነታቸውን እንዲለውጡ፣ እንዲታዘዙ፣ እንዲያመሰግኑ አልጠየቁም። የወጋ ጠላት እንኳ በእህል አይቀጣም ከተባለ፣ ሌላ ፓርቲ መረጠ ተብሎ የተጠረጠረ የገዛ አገር ገበሬ በምን ሒሳብ ይቀጣል?

ይህን ስል የተበደለው ገበሬ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን አልለየሁም። መስጊድ የሚሰግደው የወሎ ገበሬም ሆነ ቤተ ክርስቲያን የሚስመው የጎጃም ገበሬ በአንድ መስኮት «ስምህ የለም» ተብሏል። ለራስ ወገን ሲሆን ብቻ የሚጮህ ሰው የሚታገለው በደሉን ሳይሆን ተራውን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ማዳበሪያውን ለማግኘት ሲል ያላመነበትን የአባልነት ደብተር የወሰደ ገበሬስ? ሙናፊቅ ነውን? አንዳንድ የከተማ ምሁራን በእነዚህ ሰዎች ላይ ፈጥነው ሲፈርዱ እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። ዐማር ኢብኑ ያሲር (ረ.ዐ) በስቃይ ተገደው ልባቸው ያላመነበትን ቃል በተናገሩ ጊዜ ልብህ እንዴት ነው ተብለው ተጠየቁ እንጂ አልተወገዙም። የልጆቹን ረሃብ በፊቱ ያየ ሰውም ተገድዷል። ይሁን እንጂ ልዩነት ማድረግ ይገባል። ደብተሩን ቤተሰቡን ለማብላት የወሰደ አንድ ነገር ነው፤ ደብተሩን ከያዘ በኋላ የጎረቤቱን ስም ለማሰረዝ የተጠቀመበት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው የተበደለ ነው፤ ሁለተኛው በዳይ ሆኗል። ትልቁ ዕዳ ግን ሰዎችን ወደዚህ ምርጫ የገፋው አሠራር ላይ ነው። አንድ መንደር ሙሉ በአፉና በልቡ መካከል ግድግዳ እንዲሠራ ሲገደድ ልጆቹ ያንን እያዩ ያድጋሉ። እንዲህ ያደገ ልጅ ነገ ምስክር ሆኖ ሲቆም፣ ነጋዴ ሆኖ ሲማማል እውነት እንዲናገር በምን አፍ እንጠይቀዋለን? ፓርቲውም ቢሆን ያተረፈው አባል ሳይሆን ስም ነው። አራት ሚሊዮን ስም መዝግቦ ስንቱ እንደሚወደው የማያውቅ መንግሥት ዐይኑን በገዛ እጁ የሸፈነ መንግሥት ነው።

«እንዲህ ከሆነ እርዳታው ይቁም» የሚሉ ወገኖችም አሉ። የዚህን ውጤት በቅርቡ አይተነዋል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም የምግብ እርዳታ በሰፊው ተዘርፏል ብለው በመላ አገሪቱ ማደሉን አቆሙ። የአሜሪካኑ እርዳታ በመላ አገሪቱ እንደገና የተጀመረው ወደ ግማሽ ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ ነበር። በመካከሉ የተራበው ዘራፊው አልነበረም። በዚያው ክረምት በአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው ሰልፍ ወጥተዋል። እጥረት በበዛ ቁጥር የአዳዩ ሥልጣን ይበዛል እንጂ አይቀንስም። እርዳታን ማቆም የአዳዩን እጅ አያጸዳም፤ የተቀባዩን ሰልፍ ያረዝማል።

ታዲያ ምን ይሻላል? በ2012 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ፈርሶ በብልጽግና ፓርቲ ሲተካ ብዙዎች ነገሩ ሁሉ አብሮ የተለወጠ መስሏቸው ነበር። የፓርቲ ስም ሊለወጥ ይችላል፤ የአዳዩና የመልማዩ ወንበር አንድ እስከ ሆነ ድረስ ግን ማንም ይቀመጥበት ማን ፈተናው ያው ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ደግ ሰው እንዲሾም ብቻ አይደለም፤ ደግ ሰውም ይፈተናል። የምጠይቀው ወንበሩ ለሁለት እንዲከፈል ነው። ማዳበሪያና ሴፍቲኔት የሚያድል ሰው በቀበሌው የፓርቲ ኃላፊ መሆን የለበትም። በሴፍቲኔቱ መመሪያ ከመልማዩ ኮሚቴ የተለየ ቅሬታ ሰሚ እንዲኖር ተደንግጓል፤ ይህ በወረቀት ያለው ነገር በሰውም ሊለይ ይገባል። የተሰጣቸውም የተከለከሉትም ሰዎች ዝርዝር ከነምክንያቱ በቀበሌው ደጅ፣ በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ይለጠፍ። ሜክሲኮን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። እዚያ አንድ ፓርቲ ለሰባ ዓመታት ያህል በሥልጣን ላይ ቆይቶ የድሆች እርዳታ የድምፅ መግዣ ሆኖ በመታማቱ፣ የማኅበራዊ እርዳታ መርሐ ግብሮች በሚያወጧቸው ጽሑፎች ላይ መርሐ ግብሩ የሕዝብ እንጂ የማንም ፓርቲ አለመሆኑ እንዲታተም በሕግ ተደነገገ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻውን በደልን አያጠፋም። ሆኖም ድሃው በእጁ በያዘው ወረቀት ላይ የእርሱ መብት መሆኑን ሲያነብ «ሰጠሁህ» የሚለውን ሰው ፊት ለፊት ለማየት ድፍረት ያገኛል።

በመጨረሻም ወደ ራሳችን እንመለስ። የቀበሌውን ሊቀ መንበር መውቀስ ቀላል ነው። እኛስ በእጃችን ያለውን መዝገብ እንዴት ነው የምንይዘው? በረመዷን መጨረሻ በየመስጊዱ የዘካተል ፊጥር እህል ሲታደል፣ በየዕድሩ ለችግረኛ ሲዋጣ፣ የወላጅ አልባ ልጆች ስም ሲመዘገብ «የእኛ አገር ሰው ነው ወይ? ከእነማን ጋር ነው የሚውለው? ባለፈው ስብሰባ ማንን ደገፈ?» የሚል ጥያቄ በመካከላችን አይነሣምን? ኮሚቴውን የተቸ ሰው መበለት እናቱ ከዝርዝሩ ወጥታ ብትገኝ «ረስተናት ነው» ብለን አናልፍምን? የማዳበሪያው መዝገብ የመቶ ሺዎችን ዕጣ ይዟል፤ የእኛ መዝገብ የሃምሳ ሰዎችን ይዞ ይሆናል። መጠኑ ይለያያል እንጂ ፈተናው አንድ ነው። በሃምሳ ሰዎች አማና ላይ ወገን የለየ ሰው ነገ ወረዳ ቢሾም በሃምሳ ሺው ላይ አይለይም ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

ስለዚህ መዝገብ የያዝን ሁሉ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ራሳችንን የምንመዝንበት አንድ ጥያቄ ይኑረን። «ለድሃ ሰጥቻለሁ ወይ?» ማለት አይበቃም፤ አድሎ የሚሠራ ሰውም ለአንድ ድሃ ይሰጣልና። ጥያቄው «እኔ ስምህ የለም ያልኩት ሰው ከእኔ ሌላ ወደ ማን ሄዶ አቤት ሊል ይችላል?» የሚለው ነው። የሚሄድበት ሰው ካለው መዝገቡ አማና ነው። ከሌለው ግን በመዝገቡ ውስጥ ያሉት ስሞች ሁሉ፣ የተሰጣቸውም ጭምር፣ በእኛ መልካም ፈቃድ የተንጠለጠሉ ናቸው፤ ተቀባዩም ይህንን ያውቃል። አላህ (ሱ.ወ) በእጃችን የተጣለውን አማና ለባለቤቱ ያለ ቅድመ ሁኔታ የምናደርስ ያድርገን። አሚን።